ከሰዓቱ ክዳን በታች

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ጩኸቱ ደርቷል። ባጃጆች ይሽቀዳደማሉ፤ ረዳቶች «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ሊስትሮው ሣጥኑን በብሩሹ ያንኳኳል። በዚህ ሁሉ መካከል፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ጥግ ቀይ ጃንጥላ ተክሎ የተቀመጠ ሰዓት ጠጋኝ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አንዲት ብሎን በወረንጦ ያነሳል። ብሎኗ ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም አትበልጥም። ከወረንጦው ካመለጠች ከአስፋልቱ ዳር አቧራ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኛት የለም።

ጠረጴዛው ጠባብ ነው። መስታወት በተከደነችው ሣጥን ውስጥ ባትሪዎች፣ የቆዳና የብረት ማሰሪያዎች፣ ክዳናቸው የወለቀ ሰዓቶች ተደርድረዋል። ከጎኑ የተሰቀሉት የግድግዳ ሰዓቶች አንዱ ከሌላው አይስማሙም። በሰውየው ቀኝ ዓይን ላይ ጥቁር፣ አጭር፣ ክብ አጉሊ መነጽር ተሰክቷል። እጁ አልያዘውም፤ ቅንድቡና ጉንጩ ናቸው ጨብጠው የያዙት።

አንዲት ወጣት በመሐረብ የተጠቀለለ ሲኮ ፋይቭ ከቦርሳዋ አውጥታ ታቀብለዋለች። የአባቷ ነው።

«ጋሼ፣ ይሠራል እንዴ?»

«እስቲ ልየው፣ የኔ ልጅ።»

የጀርባውን ክዳን ከፍቶ ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ጥቂት ዘንበል አደረገው፤ በጎማ መንፊያ አቧራውን ነፋ፤ እንደገና አየው። ምን እንዳየ ግን ለልጅቷ አይታያትም። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ጨዋታው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጠጋኙ ችግሩን በቃል ይነግራል፣ ዋጋ ይጠራል፣ ደንበኛው ወይ ያምናል ወይ ይጠረጥራል። ይህ ሰው ግን ስልኳን ተቀበላት። ካሜራውን አስከፈታት፣ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ የስልኩ ሌንስ ላይ ገጠመው፣ ከዚያም ወደ ሰዓቱ ዝቅ አደረገው። በስክሪኑ ላይ ቀያይ ድንጋዮች፣ የጎማ ጥርሶች፣ የብሎን ራሶች ገዝፈው ወጡ። ከቀጭኗ ጥቅል ስፕሪንግ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። ዝገት ነው። ውኃ በመሙያው በኩል ገብቶ ከርሟል። በወረንጦው ጫፍ «ይኸው» ብሎ አሳያት፤ ፎቶም አንስቶ መልሶ ሰጣት።

ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው። እኔ ግን በዚህ ሙያ ላይ ከመጡት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ለብዙ ዘመን የሰዓትን ሆድ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ያየውን ሌላው በእምነት ይቀበላል። አሁን ግን የጠጋኙ አጉሊ መነጽርና የደንበኛው ስልክ ሲጋጠሙ ሁለቱም አንድ ነገር ማየት ይችላሉ። ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ ለምን እንደሚጠቅምና ምን ጥንቃቄ እንደሚሻ መናገር ያስፈልጋል።

ከዓይን እንጀምር። ጤነኛ ዓይን አንድን ነገር ሳይጨነቅ ጥርት አድርጎ የሚያይበት ቅርብ ርቀት በኦፕቲክስ ስሌት 25 ሴንቲሜትር ተብሎ ይወሰዳል። ከዚያ አቅርበን ስናየው ነገሩ ይገዝፋል፣ ግን ይደበዝዛል። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ ደግሞ የዓይናችን ሌንስ መለጠጥና መሰብሰብ ስለሚሳነው ይህ ርቀት እየሸሸ ይሄዳል፤ ጋዜጣ ወደ ፊት ዘርግቶ ማንበብ የሚጀመረው ያኔ ነው። አጉሊ መነጽር የሚሠራው ሥራ ነገሩን ዓይን ሥር አምጥቶም ጥርት ብሎ እንዲታይ ማድረግ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 250 ሚሊሜትርን ለሌንሱ የትኩረት ርቀት ማካፈል። የትኩረት ርቀቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ አምስት እጥፍ፣ 25 ሚሊሜትር የሆነ አሥር እጥፍ ያጎላል።

ታዲያ አሥር እጥፍ የሚያጎላ እያለ ጠጋኞች ለዕለት ሥራቸው ሦስትና አራት እጥፍ የሚያጎላውን ለምን ይመርጣሉ? ምክንያቱ ቦታ ነው። በአሥር እጥፍ ሲያዩ ሰዓቱ ከሌንሱ 2.5 ሴንቲሜትር ብቻ ይርቃል፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ካቻቪቴና ወረንጦ ማስገባት አይቻልም፣ ጭንቅላትም መብራቱን ይከልላል። በሦስት እጥፍ ግን ርቀቱ 8 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚሆን እጅ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል። አሥር እጥፍ ለመሥራት ሳይሆን ለመመርመር ነው። ከሻኪሶ የሚወጣውን ኤመራልድ፣ ከወሎ ደላንታ የሚወጣውን ኦፓል የሚገዙ ነጋዴዎች የሚይዙትም ይኸው አሥር እጥፍ የሚያጎላው ነው፤ በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ንግድ የአልማዝ ጥራት የሚመዘነውም በእሱ ነው።

አያያዙም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጀማሪ መነጽሩን ከዓይኑ አርቆ እንደ መጥበሻ በእጁ ይይዘዋል፤ በዚህ አያያዝ የሚታየው ጠባብ ክብ ብቻ ነው። ትክክለኛው መነጽሩን ዓይን ሥር ለጥፎ ሰዓቱን ወደ መነጽሩ ማምጣት ነው። ልምድ ያለው ሰው ሌላኛውን ዓይኑን አይጨፍንም፤ ሁለቱንም ከፍቶ አእምሮው አንደኛውን ምስል ብቻ እንዲከተል ያለማምደዋል። አንድ ዓይን ጨፍኖ የሚውል ሰው ማታ ላይ ግንባሩን ይዞ ነው የሚገባው። በደህና መነጽር ጎን ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የዓይን ሙቀትና ላብ መስታወቱን እንዳያደበዝዘው አየር የሚተላለፍባቸው ናቸው። የቅንድብ ጡንቻ የሚደክመው ደግሞ በጭንቅላት ዙሪያ የሚታሰር ሽቦ ይጠቀማል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልናገር አላልፍም፦ አጉሊ መነጽር ፀሐይ ላይ ተጥሎ አይተውም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ወደ አናት የቀረበ ነው፣ ሌንስ ደግሞ ያንን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ ወረቀትና ጨርቅ ያቃጥላል።

አሁን ክዳኑ ተከፍቶ ምን ይታያል? በመጀመሪያ ዓይን የሚስበው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ክብ ነው፤ ባላንስ ይሉታል። የሰዓቱ ልብ እሱ ነው። በብዙ የሲኮ አውቶማቲክ ሰዓቶች ይህ ክብ በሰዓት 21,600 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ ስድስት ጊዜ ይመታል። በአንድ ቀን 518,400 ምት ይሆናል። በቀን አሥር ሰከንድ የሚያዛባ ሰዓት እንኳን ከ86,400 ሰከንድ ውስጥ የሳተው አሥሩን ብቻ ነው፤ ይህን ያህል የታመነ ሥራ የሚሠራው ክብ የቆመበት ምሰሶ ጫፉ ከ0.1 ሚሊሜትር ይቀጥናል። ምሰሶው የሚሽከረከርበት ቀይ ድንጋይ ሰው ሠራሽ ሩቢ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦጉስት ቨርኑይ እ.ኤ.አ. በ1902 ሩቢን በእሳት አቅልጦ የማሳደግ ዘዴውን ይፋ ካደረገ ወዲህ ድንጋዩ ርካሽ ሆኗል። ሰዓቱ ፊት ላይ «21 ጁወልስ» ተብሎ የሚጻፈው የእነዚህን ድንጋዮች ቁጥር ለመናገር ነው፤ ሀብት ስለሆኑ አይደለም፣ ብረት ብረትን እንዳይበላው ስለሚከላከሉ ነው።

በድንጋዩ ዙሪያ ንጹሕ ቀለበት ሠርቶ የተቀመጠ ዘይት መታየት አለበት። ዘይቱ ደርቆ ቢጫ ቅርፊት ከሆነ ሰዓቱ መታጠብ ይፈልጋል፤ ሞልቶ ከፈሰሰ ደግሞ የቀደመው ጠጋኝ እጁ ከብዶ ነበር ማለት ነው። የስፕሪንጉ ጥቅሎች እርስ በርስ ሳይነካኩ እኩል ርቀት ጠብቀው መተንፈስ አለባቸው። ሁለቱ ከተጣበቁ ሰዓቱ በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ማግኔት ነው፤ የስልክና የራዲዮ ድምፅ ማጉያ፣ የቦርሳ ማግኔት ቁልፍ፣ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን። ስለዚህ ሰዓትን በስልክ ፎቶ ለማንሳት የሚነሳ ሰው ማግኔት ያለውን ሽፋን አስቀድሞ ያውልቅ።

በእኛ አገር በተለይ ሊታይ የሚችል አንድ ጉዳትም አለ። ቀንና ዕለት የሚያሳዩ ሰዓቶች ቀኑን የሚቀይሩት ሁለቱ ቆጣሪዎች 12 ላይ ሲገናኙ ነው። ፋብሪካው ይህን ያሰበው ለእኩለ ሌሊት ነው። አምራቾች በመመሪያቸው፣ ቆጣሪው በፈረንጆቹ አሞላል ከምሽቱ 9 እስከ ንጋቱ 4 ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ሳለ ቀኑን በመሙያው በፍጥነት አትቀይሩ ይላሉ፤ በዚያ ሰዓት ቀን ቀያሪው ጥርስ ከቀለበቱ ጋር ተያይዟልና በግድ ቢያዞሩት ይሰበራል። እኛ ግን ሰዓታችንን የምንሞላው ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ተነስተን ነው። በእኛ አሞላል ቀኑ የሚቀየረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሆነ አደገኛው ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ ሰዓቱን የሚያስተካክልበት ጊዜ ማለት ነው። ከሰዓቱ ፊት ሥር ያለው ጥርስ ተሰብሮ ሲገኝ ደንበኛው «አልወደቀብኝም» ቢል እውነቱን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀኑን ከመቀየር በፊት ቆጣሪውን ዞር አድርጎ 6 ላይ ማምጣት።

ሐዋሳ የሰዓትን ነገር ለመጻፍ የምትመች ከተማ የሆነችው በጠጋኞቿ ብቻ አይደለም። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ናቸው፤ የከዋክብትን አካሄድ በባዶ ዓይን እየተከተሉ። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል፤ ሐዋሳ ውስጥም በሐይቁ አጠገብ በጉዱማሌ ይከበራል። በሲዳማ ባህል ሳምንት አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ እና ቀዋላንካ። በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ አዋቂ ጊዜን ከሰማይ ያነብባል፣ ሌላው ከአንዲት ስፕሪንግ። ሁለቱም የሚኖሩት ሌላው ሰው ልብ ብሎ በማያየው ነገር ላይ ነው።

ሌንስና ሰዓት ደግሞ በታሪክም ወንድማማች ናቸው። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ እ.ኤ.አ. በ1655 ሌንሱን ራሱ ሞርዶ በሠራው ቴሌስኮፕ የሳተርንን ትልቅ ጨረቃ ታይታንን አገኘ። በዓመቱ የፔንዱለም ሰዓትን ፈለሰፈ፤ በ1675 ደግሞ በጥቅል ስፕሪንግ የሚመራውን ባላንስ አሳተመ። ዛሬ በሐዋሳ በረንዳ ላይ ዝገት የተገኘባት ስፕሪንግ የዚያች ዘር ናት። ይህ ፈጠራ የእኔ ነው ብሎ የተሟገተው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1665 በማይክሮስኮፕ ያያቸውን ቁንጫና የቡሽ ክፍልፋዮች ስሎ በመጽሐፍ ያወጣው ሰው ነው። የትንሹን ነገር ምስል ሰፊው ሕዝብ እንዲያየው ማድረግ እና ሰዓትን በስፕሪንግ ማስተካከል ከአንድ አገር እንኳ ባይሆን ከአንድ ትውልድ የወጡ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት ብዙ መንገድ ሄዷል። የሙያውን ኑሮ ያናጋው ግን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 ሲኮ ቶኪዮ ውስጥ ለሽያጭ ያቀረበው አስትሮን የተባለ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ነው። በዛሬው የኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ባላንስ የለም፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ክሪስታል ነው ያለው፤ ይህም ቁጥር በሁለት አሥራ አምስት ጊዜ ሲካፈል አንድ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የጎዳና ጠጋኝ የዕለት እንጀራ ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ሆነ። እዚህም ቢሆን አጉሊ መነጽሩ አይቀርም። በባትሪው ጀርባ ላይ የተጻፈው ደቃቅ ቁጥር መነበብ አለበት፤ 626 የሚለው 6.8 ሚሊሜትር ስፋትና 2.6 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው፤ በግምት የገባ ባትሪ ወይ አይነካም ወይ ሰሌዳውን ይጫናል። ያረጀ ባትሪ የተፋው ፈሳሽ የመዳብ መስመሮቹን አረንጓዴ አድርጎ ሲበላም የሚታየው በሌንስ ነው።

ወደ ስልኩ እንመለስ። የስልክ ካሜራ ብቻውን ከሰዓት አጠገብ ሲቀርብ ይደበዝዛል፤ ብዙዎቹ ከ8 ወይም ከ10 ሴንቲሜትር ወዲህ ማተኮር አይችሉም። አጉሊ መነጽር ሲደረብበት ይህ ገደብ ይነሳል፤ ለሰው ዓይን የሠራው ሌንስ ለስልኩም ዓይን ይሠራል። ጥሩው ምርጫ አምስት እጥፍ የሚያጎላው ነው፤ ሰዓቱ 5 ሴንቲሜትር ይርቃልና ብርሃን ለማስገባት ቦታ ይተርፋል። መነጽሩ ስልኩ ላይ ተለጥፎ፣ የሁለቱ ሌንሶች መሐል ተገጣጥሞ መቀመጥ አለበት፤ ትንሽ ከተንሸራተተ ዳሩ ይጨልማል፣ ምስሉም ይጣመማል። ብዙ ሌንስ ባላቸው ስልኮች ላይ የትኛው ሌንስ እየሠራ እንደሆነ በጣት ሸፍኖ ማወቅ ይቻላል። ስልኩን በእጅ አንጠልጥሎ ከመንቀጥቀጥ ሁለት እኩል መጽሐፎች ላይ አጋድሞ ሰዓቱን ከሥሩ ማንሸራተት ይሻላል። ከርቀቱ ጋር የሚታገለው ስልኩ ሳይሆን ሰዓቱ ይሁን፤ በአንድ ሚሊሜትር ከፍና ዝቅ እያደረጉ ጥርት የሚልበትን መፈለግ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ብርሃን ነው። የሰዓት ማሽን የተወለወለ ብረት ነው፤ የስልኩ ፍላሽ ከበራ ነጭ እሳት ብቻ ነው የሚታየው። ፍላሹ ይጥፋ። መብራት በማይኖርባቸው ሰዓታት እንኳ የሐዋሳ ቀን ከበቂ በላይ ብርሃን አለው፤ ችግሩ ብርሃኑ ኃይለኛ መሆኑ ነው። ከጥላ ሥር ሆኖ፣ በሰዓቱ ጎን ነጭ ወረቀት አቁሞ፣ በሌላው ጎን ደግሞ ፀሐዩን በሶፍት ወይም በስስ ነጭ ጨርቅ ማጣራት ብረቱን ለስላሳ ግራጫ ያደርገዋል፤ ጭረቱ፣ ዝገቱ፣ የብሎኑ አፍ ሁሉ ይለያል። ቀይ ጃንጥላ ሥር ግን ነጭ የሰዓት ፊት ሐምራዊ፣ ብሩ መዳብ ይመስላል። ፎቶ አንስቶ የቀለም ማስረጃ ማድረግ የፈለገ ከባለ ቀለም ጃንጥላ ሥር ወጣ ይበል። የሰዓቱ መስታወት ካልተነሳ ደግሞ የስልኩን የራሱን ምስል መልሶ ያሳያል፤ በስልኩ ዙሪያ ጥቁር ጨርቅ ማድረግና ሰዓቱን ጥቂት ማዘንበል ይፈታዋል።

እውነተኛ ካሜራ ያለው ከዚህም በላይ መሄድ ይችላል። ማክሮ የሚባለው ሌንስ አንድ ሚሊሜትር የሆነውን ነገር በካሜራው ውስጥ አንድ ሚሊሜትር አድርጎ ይስላል። ግን ዋጋ ያስከፍላል። በዚህ ልክ ሲያጎሉ፣ የሌንሱ ቀዳዳ 8 ላይ ተጠብቦ እንኳን ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። የአንድ አውቶማቲክ ሰዓት ማሽን 5 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል። ላይኛው ብሎን ሲጠራ ታችኛው ጎማ ይጠፋል። የሰዓት ኩባንያዎች በማስታወቂያቸው የሚያሳዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የጠራ ምስል አንድ ፎቶ አይደለም፤ ትኩረቱን በጥቂት በጥቂት እያስጠጉ የተነሱ ብዙ ፎቶዎች በኮምፒዩተር ተደራርበው የተሠራ ነው። በዚያው ማስታወቂያ ላይ ቆጣሪዎቹ 10 ሰዓት ከ10 ላይ የሚቆሙት የኩባንያው ስም እንዳይሸፈን ነው፤ ለእኛ አንባቢ ግን ያ ከተሲያት በኋላ ያለ ሰዓት ነው።

ማክሮ ሌንስ ውድ ነው፤ አማራጭ ግን አለ። በሐዋሳው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትላልቅ ወፎች ለመቅረጽ የሚመጡ እንግዶች ረጃጅም ሌንስ የሚይዙት ሩቁን ለማቅረብ ነው። አጭሩን፣ 50 ሚሊሜትሩን ሌንስ ከካሜራ አውልቆ በጀርባው በኩል ማየት የቻለ ሰው ግን አምስት እጥፍ የሚያጎላ ጥሩ አጉሊ መነጽር በእጁ አለ፤ 250ን ለ50 ማካፈል ነው። ቤት ውስጥ አሮጌ ዜኒት ካሜራ የተቀመጠለት ሰው ካለ፣ ሄሊዮስ የሚባለው 58 ሚሊሜትር ሌንሱ ከአራት እጥፍ በላይ ያጎላል፤ ብዙ ብርጭቆ ተደራጅቶ የተሠራ ስለሆነም ከርካሽ ፕላስቲክ አጉሊ መነጽር ይልቅ ዳሩ የጠራ ነው። ሌንሱን ገልብጦ ካሜራው ላይ በልዩ ቀለበት መግጠምም ይቻላል፤ ያኔ ሩቅ ያይ የነበረው ሌንስ ትንሹን ነገር ይቀርጻል።

ይህ ሁሉ ለውበት ብቻ አይደለም። ዛሬ ያገለገለ ሰዓት በቴሌግራምም ይሸጣል። ሻጭ «ኦርጂናል ነው» ይላል፤ ገዢ በሌላ ከተማ ሆኖ ፎቶ ያያል። ከሩቅ የተነሳ ፎቶ የሚናገረው ጥቂት ነው። ሲኮ ፋይቭ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የወጣ፣ ራሱን በራሱ የሚሞላ፣ ቀንና ዕለቱን በአንድ መስኮት የሚያሳይ፣ መሙያው 4 ቁጥር አጠገብ የተደበቀ ሰዓት ነው። በጀርባው ክዳን ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ የማሽኑንና የቀፎውን ዓይነት ይናገራል፤ ሌላው የተሠራበትን ጊዜ። የሁለተኛው የመጀመሪያ አኃዝ የዓመቱ መጨረሻ አኃዝ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ወሩ ነው፤ ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በፊደል ይገባሉ። ገዢ የዚህን ጀርባ ቅርብ ፎቶ ይጠይቅ። ክዳኑ ላይ የተጻፈው የማሽን ቁጥር ከውስጥ ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ካልተስማማ ሰዓቱ ከሁለት ሰዓት የተገጣጠመ ነው። የሰዓቱን ፊት ጽሑፍ ደግሞ በአሥር እጥፍ ይመልከት፤ የፋብሪካ ጽሑፍ ጠርዙ የተቆረጠ ያህል የቀና ነው፤ ተፍቆ እንደገና የታተመ ፊት ግን ፊደሉ ያብጣል፣ የደቂቃ መስመሮቹም ከቁጥሮቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም።

የሰዓት ማንነትና ባለቤትነት ምን ያህል ሊያከራክር እንደሚችል ከእኛው ታሪክ ምሳሌ አለ። የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ የእጅ ሰዓት፣ ሞዴሉ 2497 የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ሊቀርብ ታስቦ በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ተነሳ። በ2017 እንደገና ቀርቦ በ2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ተሸጠ። እንዲህ ያለ ሰዓት ካታሎግ ውስጥ ሲገባ ፊቱ፣ ማሽኑ፣ ቁጥሩ፣ ቀፎው ሁሉ በሌንስ ተመርምሮና ተቀርጾ ነው። የአባቶቻችን ሲኮና ኦሪየንት ያን ዋጋ አያወጡም። ለባለቤቶቻቸው ግን ማንነታቸው ያው ነው፤ የሰው የእጅ ላብ ያሻከረው ማሰሪያ፣ በመርፌ የተጫረ የስም ፊደል፣ ከክዳኑ ውስጥ የቀደመ ጠጋኝ በደቃቁ ጽፎት የሄደው ቀን። ጠጋኞች ሰዓት ባደሱ ቁጥር ከክዳኑ ጀርባ ምልክት የመተው ልማድ በዓለም ዙሪያ አላቸው፤ ያንን ጽሑፍ የሚያነብ ከሌንስ በቀር የለም።

በፎቶ ላይ ቅሬታ ያላቸው ጠጋኞች እንዳሉ አውቃለሁ። ደንበኛው ምስሉን ይዞ ሄዶ ከሌላ ጋር ዋጋ ያወዳድራል፤ ያልገባውን ነገር አይቶ ይከራከራል ይላሉ። ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ሰዓቴ ውስጥ የነበረው ጥሩ ዕቃ ተለወጠብኝ የሚለው ጥርጣሬ ሙያውን ከዚህ የበለጠ ጎድቶታል። ሲከፈት አንድ ፎቶ፣ ሲዘጋ አንድ ፎቶ ያለው ጠጋኝ ማንም ስሙን አያጠፋውም። ለራሱም ይጠቅመዋል፤ የፈታውን ማሽን በስንት ብሎን፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደነበር ፎቶው ያስታውሰዋል። ተለማማጅ ያለው ደግሞ ትከሻው ላይ ተደፍቶ ከሚያይ ልጅ ይልቅ ስክሪን ላይ አብሮት የሚያይ ልጅን በቶሎ ያስተምራል። ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ ተለማማጅ ሲተላለፍ የኖረው በአንድ ዓይን ብቻ በሚታይ ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ተተኪ ለማግኘት ከተቸገረባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የስልክ ጥገናን በሚያዩበት ዓይን የሰዓት ጥገናንም ቢያዩት መልካም ነው፤ መነሻ መሣሪያው አንድ አጉሊ መነጽር፣ ጥቂት ካቻቪቴ፣ ወረንጦና ሁሉም ሰው ኪስ ያለው ስልክ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትዎ ውስጥ የቆመ የእጅ ሰዓት ካለ ወደ ጠጋኝ ከመውሰድዎ በፊት የፊቱንና የጀርባውን ቁጥር በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ጠጋኙ ክዳኑን ሲከፍት መነጽሩን ስልክዎ ላይ ገጥሞ ያየውን እንዲያሳይዎ በትህትና ይጠይቁት። የጠራልዎትን ዋጋም ያንን ካዩ በኋላ ይነጋገሩበት።